ሞተሩ ሲቆም

ከዓሣ ገንዳ መቆሚያ ውስጥ ስለሚገጠም የውሀ ማጣሪያ በተማሪዎች ኅብረት የሳይንስ ምሽት የተደረገ ንግግር



ለዛሬው ምሽት የተሰጠን ርእስ ሲሰሙት አነስተኛ ይመስላል። የአገርን ዕድል የሚወስን ጉዳይ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያከራክር የፍልስፍና ጥያቄም አይደለም። ነገሩ የዓሣ ገንዳ ነው። ይኸውም በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ጥግ ባዶውን የተቀመጠውን ትልቁን የመስተዋት ገንዳ ውሀ ሞልተን ዓሣ እናኑርበት ብንል፣ ማጣሪያውን ምን ዓይነት እናድርገው፣ የትስ እንግጠመው የሚል ነው።

ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው፣ በገንዳው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ማጣሪያ ከሱቅ ገዝቶ መስቀል ነው። ሁለተኛው፣ ገንዳው በተቀመጠበት መቆሚያ ሆድ ውስጥ ሌላ ትንሽ ገንዳ ሠርቶ ማስገባትና የላዩ ውሀ ወደ ታች እየወረደ፣ እየተጣራ፣ በፓምፕ እንደገና ወደ ላይ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ይህን የታች ገንዳ ፈረንጆች ሳምፕ ይሉታል። እኛ ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ተማሪዎች፣ ከፊሎቻችን ከሥነ ሕይወት፣ ከፊሎቻችን ከምሕንድስና ክፍል የመጣን፣ ሁለተኛውን ሐሳብ እንደግፋለን። የምንደግፈው ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ከተለካ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሞተሩ ሲሠራ ውሀው የት እንደሚሄድ ሳይሆን፣ ሞተሩ በድንገት ሲቆም ውሀው የት እንደሚሄድ ነው። ከቤተ ሙከራው በታች ባለው ክፍል ማይክሮስኮፖቹ እንደሚቀመጡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ነገሩ የዓሦቹ ሕይወት ብቻ ሳይሆን የብዙ ተማሪ ትምህርት ያለበት ነው።

በመጀመሪያ ማጣሪያ ማለት ምን እንደሆነ እንነጋገር። ብዙ ሰው ማጣሪያ ሲባል የሚታየው የጠላ ማጥለያ ወይም የሻይ ወንፊት ነው፤ ጉድፉን ይዞ ጥሩውን የሚያሳልፍ ማለት ነው። ለዓሣ ገንዳ ግን ወንፊትነቱ የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። ዓሣ በስንጥቡ፣ ማለት በመተንፈሻ አካሉ፣ አሞንያ ወደ ውሀው ያወጣል። ሳይበላ የቀረ መኖና የዓሣው ኩስም ሲበሰብስ አሞንያ ይጨምራል። አሞንያ በዓይን አይታይም፤ ውሀው ጥርት ብሎ እንደ ምንጭ ውሀ ሲያበራ ዓሣው ግን ሊሞትበት ይችላል። በሐይቅ ውስጥ ይህ ጉዳት የማይታየው ውሀው እጅግ ብዙ ስለሆነና በጭቃው፣ በድንጋዩ፣ በሣሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞንያውን ስለሚለውጡት ነው። አንዳንዶቹ አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት መጠኑ እስካልበዛ ድረስ ብዙ አይጎዳም፤ ተክል ይመገበዋል፤ ቀሪውን ሰው ውሀ በመቀየር ይቀንሰዋል።

እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያሳወቀው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ሲሆን ዘመኑም በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን በዓሣ ገንዳ ውስጥ ናይትራይትን የሚለውጠው ናይትሮባክተር የተባለው ነው ሲባል ኖሮ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር በገንዳዎች ውስጥ ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠራው ናይትሮስፒራ መሆኑን አሳየ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከናይትሮስፒራ ወገን ሁለቱንም ሥራ፣ ከአሞንያ እስከ ናይትሬት ድረስ ያለውን፣ ብቻቸውን የሚፈጽሙ መኖራቸው ታወቀ። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር አንድ ነው። ማጣሪያ ማለት ሕይወት ያላቸው ሠራተኞች የሚኖሩበት ቤት ነው። ሠራተኞቹም ሦስት ነገር ይፈልጋሉ፤ የሚጣበቁበት ሰፊ ገጽ፣ ዘወትር የሚያልፍ ውሀ፣ በውሀው ውስጥም በቂ ኦክሲጅን።

አሁን ወደ ታች ገንዳው እንምጣ። ይህ ሐሳብ የትናንት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በ1850 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ዓሣ፣ የውሀ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ገንዳ ውስጥ አኑሮ፣ አንዱ ለሌላው የሚሰጠውንና የሚቀበለውን በመመርመር ውሀው ሳይቀየር እንዴት ጤናማ ሆኖ እንደሚቆይ ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1853፣ በለንደን የእንስሳት መናፈሻ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። በ1871 ደግሞ በዚያው ከተማ በክሪስታል ፓላስ የተከፈተውን ታላቅ የዓሣ ማሳያ ያቀደው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ፣ ሰው ከሚያያቸው ገንዳዎች በታች ከእነርሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጨለማ የውሀ ማጠራቀሚያ ሠራ። ውሀው ከታች በፓምፕ እየተገፋ ይወጣል፤ በገንዳዎቹ እየዞረ ወደ ታች ይመለሳል። እንግዲህ ሎይድ የገባው ነገር፣ የሚታየው ገንዳ ንጹሕና ጤነኛ የሚሆነው በማይታየው ብዙ ውሀ ኀይል መሆኑ ነው። እኛም በመቆሚያው ሆድ ውስጥ የምናስገባው የዚያን ትንሽ ልጅ ነው።

የታች ገንዳ ለእኛ ቦታ የሚስማማበት ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ናት። አየሩ ሲሳሳ በውሀ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ ውሀ እስከ 8.3 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን በሊትር ሊይዝ ሲችል፣ እዚህ ግን ያው ውሀ በዚያው ሙቀት 6.2 ገደማ ብቻ ይይዛል። ማለት ሩቡ ያህል ከመጀመሪያው ጠፍቷል። በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ፣ ለዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል ሲል ይህን ሩብ አልቀነሰም። ውሀ ከላይ ወደ ታች እየተንፏፏ በወረደ ቁጥር ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ሻይ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እያገላበጥን ስናበርድ አየር እንደሚገባው ማለት ነው። ከዚህም በላይ ልናኖር ያሰብነው ዓሣ ቆሮሶ ነው፤ እርሱም የሞቀ ውሀ የሚወድ ስለሆነ ማሞቂያ ያስፈልገዋል። ማሞቂያውን በታች ገንዳ ውስጥ ብንሰውረው ዓሣው አይነካውም፣ ተመልካችም አያየውም።

እንግዲህ ወደ ልኩ እንግባ። ገንዳችን ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 45፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ውሀው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲይዝ 243 ሊትር ይሆናል። መስተዋቱ 55 ኪሎ፣ ከታች የሚነጠፈው ጠጠር 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከታች ያለው ገንዳ ከነውሀው ሲጨመር ጠቅላላው ከ4 ኩንታል ይበልጣል። አራት ኩንታል ጤፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚደረድር ሰው የለም፤ ስለዚህ የነበረውን የእንጨት ጠረጴዛ ትተን መቆሚያው በአራት ማዕዘን ብረት፣ በተለምዶ ቱቦላሬ በምንለው፣ ተበይዶ እንዲሠራ እንጠይቃለን። ከላይ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ይነጠፍበታል፤ እንጨቱም ርጥበት እንዳይበላው ሁሉም ጎኑ የዘይት ቀለም ይቀባል።

መቆሚያው ሲተከል በውሀ ልክ መለካት አለበት። መሣሪያው በአማርኛ ውሀ ልክ መባሉ ለእኛ ሥራ የተሰየመ ያስመስለዋል። ገንዳው በአንድ ወገን ቢያዘነብል ክብደቱ በአንዱ መስተዋት ላይ ይበረታል፤ ውሀውም በማፍሰሻው በኩል አስተካክሎ አይወርድም።

ለታች ገንዳው የመቆሚያው ውስጥ ከመበየዱ በፊት ሦስት ነገር ይለካ። አንደኛ፣ በሩ። ብዙ ጊዜ መቆሚያ በመሐሉ ቋሚ ብረት ይደረግለታልና ገንዳው በዚያ መካከል አያልፍም። ስለዚህ መሐለኛው ቋሚ በቡሎን የሚፈታ ይሁን፤ አለዚያም የታቹ ገንዳ የላዩ ከመቀመጡ በፊት ይግባ። ሁለተኛ፣ ከታች ገንዳው በላይ የሚቀረው ክፍት ቦታ። ስፖንጁን አንሥቶ ለማጠብ፣ ፓምፑንም ለማውጣት እጅ ከነክርኑ የሚገባበት ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ሊጸዳ የማይችል ማጣሪያ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ እንጂ ማጣሪያ አይደለም። ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪኩ ቦታ። ሶኬቱ ከውሀው ከፍ ብሎ በጎን ግድግዳው ላይ ይመታ፤ ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከረገበው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይዘልቅም። የመቆሚያው ጀርባ ክፍት ይሁን፤ እንፋሎቱ ይውጣ።

የታች ገንዳው ራሱ በ6 ሚሊ ሜትር መስተዋት፣ ርዝመቱ 75፣ ስፋቱ 35፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በሲሊኮን ይጣበቃል። ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የሌለበት ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው አብዛኛው ይህ መድኃኒት አለበትና ዓሣ ይጎዳል። ውስጡ በመከለያ መስተዋቶች በአራት ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከላይ የሚወርደውን ውሀ ይቀበላል፤ ጉድፉን የሚይዘው ስፖንጅ በዚህ ይቀመጣል። ሁለተኛው 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የባክቴሪያዎቹ ቤት ነው። ለዚህ የሚሆን ውድ ሸክላ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለበት ቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በአገራችን ሞልቷል። ድንጋዩ ዱቄቱ እስኪጠፋ ይታጠብ፤ ኮምጣጤም ጠብ ይደረግበት፤ አረፋ ከፈላበት ኖራ አለበት ማለት ነውና ይጣል። ሦስተኛው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠባብ መንገድ ነው፤ ውሀው ከአንዱ መከለያ በታች፣ ከሌላው በላይ እያለፈ የያዘውን አረፋ ይተዋል። አራተኛው 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ፓምፑ የሚቀመጥበት ነው። ማሞቂያው በሁለተኛው ክፍል ይሁን እንጂ በፓምፑ ክፍል አይሁን፤ ውሀ ሲጎድል የሚጎድለው የፓምፑ ክፍል ስለሆነ ማሞቂያው ከውሀ ወጥቶ ሊፈነዳ ይችላል።

ፓምፑም ሲገዛ በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር መታለል አይገባም። ለገንዳችን በሰዓት ከ1,000 እስከ 1,200 ሊትር ቢመላለስ ይበቃል። ነገር ግን በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ፓምፑ ውሀውን ምንም ከፍ ሳያደርግ የሚገፋው ልክ ነው፤ ከመቆሚያው ሥር እስከ ገንዳው አፍ ያለውን 1 ሜትር ተኩል ያህል ሲወጣ መጠኑ በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍታና መጠኑን የሚያሳየውን ሠንጠረዥ አይቶ መግዛት ነው።

ውሀው የሚወርደው እንዴት ነው? በላዩ ገንዳ አንድ ጥግ፣ ከንፈሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ የማፍሰሻ ሣጥን ይሠራል። ፓምፑ ከታች በጨመረ ቁጥር ውሀው በጥርሶቹ መካከል ሞልቶ ወደ ሣጥኑ ይፈስሳል፤ ከሣጥኑም በወፍራም ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የሚወርደው የወጣውን ያህል ብቻ ነው። የላዩ ገንዳ የውሀ ከፍታ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በውሀው ፊት ላይ የሚሰፍረው ቅባትና አቧራም አብሮ ይጠረጋል።

እዚህ ድረስ ሁሉም ያማረ ነው። መጽሐፎቹም፣ ሥዕሎቹም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኛ ግን መብራት የሚጠፋበት ከተማ የምንኖር ሰዎች እንደ መሆናችን መጠን፣ ዋናው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። መብራት ጠፋ እንበል። ፓምፑ ቆመ። ውሀው ምን ያደርጋል?

ሾፌሮች ከበርሜል ነዳጅ በጎማ ሲቀዱ አይታችኋል። አንድ ጊዜ በአፍ ከሳቡት በኋላ ማንም ሳይገፋው፣ የጎማው አንድ ጫፍ በነዳጁ ውስጥ፣ ሌላው ከዚያ ዝቅ ብሎ እስካለ ድረስ፣ ነዳጁ ይፈስሳል። የእኛም መመለሻ ቱቦ እንዲሁ ነው። ፓምፑ ሲቆም ወደ ላይ ይገፋ የነበረው ውሀ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ታች ይመለሳል፤ የቱቦው አፍ አየር እስኪያገኝ ድረስም የላዩን ገንዳ ይስባል። እንግዲህ ሁሉም ነገር የሚወሰነው የመመለሻው አፍ ከውሀው ፊት ምን ያህል ጠልቋል በሚለው ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። የላዩ ገንዳ ስፋት 120 በ45 ስለሆነ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 5.4 ሊትር ውሀ ነው። የመመለሻው አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጠልቅ ወደ ታች የሚመጣው 11 ሊትር ያህል ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ቢጠልቅ 27 ሊትር ይሆናል። ውሀው በገንዳው ውስጥ በደንብ ይዙር ብሎ አንድ ሰው አፉን 15 ሴንቲ ሜትር ቢያጠልቀው 81 ሊትር ይወርዳል። አሁን ደግሞ ታችኛውን እንይ። የታች ገንዳው ውሀ ሞተሩ ሲሠራ ባማካይ 22 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢቆም፣ እስከ አፉ ድረስ 18 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይቀረዋል፤ ይህም 47 ሊትር ይይዛል። እንግዲህ 27 ሊትሩና በቱቦዎቹና በሣጥኑ የነበረው ጥቂት ውሀ ሲጨመር 30 ያህል ስለሚሆን በሰላም ይገባል። 81 ሊትሩ ግን አይገባም፤ 34 ሊትሩ በቤተ ሙከራው ወለል ላይ ይፈስሳል፤ ከወለሉም ወደ ማይክሮስኮፖቹ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቱቦ አፍ የ10 ሴንቲ ሜትር መውረድ ነው። መጥኖ መደቆስ የሚባለው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን በቫልቭ እንከላከለው ይል ይሆናል፤ ይኸውም ውሀን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ ነው። መኖሩ አይከፋም። ዳሩ ግን በመዝጊያው ከንፈር ላይ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ወይም የቀንድ አውጣ ቅርፊት ብትገባ አይገጥምም። ሌላው ደግሞ በመመለሻው ቱቦ ላይ፣ ከውሀው ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ቀዳዳ መብሳት ይበጃል ይላል፤ ውሀው ወደዚያ ሲደርስ ቀዳዳው አየር ስቦ ፍሰቱን ይቆርጠዋልና። ይህም ማለፊያ ነው፤ እኛም እናደርገዋለን። ነገር ግን ቀዳዳው በአረንጓዴ ዝቃጭ ይደፈናል። ስለዚህ ቫልቩም፣ ቀዳዳውም ረዳቶች ይሁኑ እንጂ ዋስ አይሁኑ። ዋሱ ከታች ያለው ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ቦታ አይደፈንም፣ አይዝግም፣ መለዋወጫም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው አደጋ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ሞተሩ እየሠራ የመውረጃው ቱቦ በቅጠል ወይም በሞተ ዓሣ ቢደፈንስ? ያን ጊዜ ፓምፑ መግፋቱን አይተውም፤ ውሀውም ከላይ ይሞላል። ነገር ግን ፓምፑ ሊገፋ የሚችለው በራሱ ክፍል ያለውን ብቻ ነው። ያ ክፍል 20 በ35 ስለሆነና ውሀው 22 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ከ15 ሊትር ብዙም አይበልጥም። 15 ሊትር በላዩ ገንዳ ላይ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከፍታ ነው፤ እኛም 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ትተንለታል። የፓምፑን ክፍል ጠባብ ያደረግነው ስለዚህ ነው። ከዚህም ጋር በማፍሰሻው ሣጥን ውስጥ ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ የቆመ ሁለተኛ መውረጃ ቱቦ ይኑር፤ ዘወትር ደረቅ ሆኖ ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ሲደፈን ሥራውን ይረከባል። በደኅናው ቀን ውሀ ካንጠባጠበ ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለዚህ የሥራው ሕግ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሲቆም የላዩን የሚቀበል ባዶ ቦታ ከታች ይኑር፤ ቱቦው ሲደፈን የታቹን የሚቀበል ባዶ ቦታ ከላይ ይኑር። ይህን ያሟላ ገንዳ ማንም ሳይኖር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በራሱ ይድናል።

ይህም በወረቀት ብቻ አይታመን። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ገንዳው በውሀ ይሞላና ሶኬቱ በእጅ ይነቀል። ውሀው እስከምን እንደሚወጣ ታይቶ በታች ገንዳው መስተዋት ላይ በቀለም ይሰመር። ከዚያ ተመልሶ ይሰካ፤ ሞተሩ ሲሠራ ያለው ከፍታም ሌላ መስመር ይሰመርበት። ይህ አሥር ጊዜ ይደገም። መውረጃውም በጨርቅ ተደፍኖ ይታይ። ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ጊዜ ሶኬቱ እየተነቀለ ይፈተን። እንፋሎት ሆኖ የሚጠፋው ውሀ በፓምፑ ክፍል ብቻ ጎድሎ ስለሚታይ በየሁለት ቀኑ መሙላት ያስፈልጋል፤ የቧንቧ ውሀም ክሎሪኑ እንዲተንን አንድ ቀን በባልዲ አድሮ ይጨመር። ሲሞላ ግን ከታችኛው መስመር በላይ አይታለፍ። እዚህ ላይ ደግ አሳቢ ሰው ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ ነው። ጎደለ ብሎ አዝኖ እስከ አፉ የሚሞላው ሰው ለመብራት መጥፋት የተቀመጠውን ቦታ ሞላው ማለት ነው።

መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋስ? የባክቴሪያዎቹ ቤት ቆሞ በቀረ ውሀ ውስጥ ኦክሲጅን እያለቀበት ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ዓሣውን አለመመገብ ነው፤ ያልበላ ዓሣ የሚያወጣው አሞንያ ያነሰ ነው። ተረኛው ከላዩ ገንዳ በጣሳ እየቀዳ ከፍ አድርጎ እዚያው ያፍስስ፤ ከታች ገንዳውም ድንጋዩ ባለበት ክፍል እንዲሁ ያድርግ። ሰዓቱ ብዙ ከሆነ፣ መብራቱ ሲመጣ የታቹ ውሀ ከመመለሱ በፊት ይሽተት፤ የከረፋ እንደሆነ ተደፍቶ በአዲስ ውሀ ይተካ።

አሁን ለሚቃወሙን ወንድሞችና እኅቶች መልስ እንስጥ። የሚንጠለጠለው ማጣሪያ በአንድ ቀን ተገዝቶ ይሰቀላል፣ ይህን ሁሉ ልኬት አይጠይቅም ይላሉ። እውነት ነው። ለትንሽ ገንዳና ለሁለት ትንንሽ ዓሦች እኛም እርሱን እንመክራለን። ለ243 ሊትር ገንዳና በፍጥነት ለሚያድግ ቆሮሶ ግን በእጅ መዳፍ የሚያዝ ስፖንጅ አይበቃም። ቀጥሎም፣ በሰው አገር ተሠርቶ የመጣ ዕቃ አንድ ጎማው ሲሰበር ቆሞ ይቀራል፤ እኛ ቆርጠን ያጣበቅነውን ግን እኛው እንጠግነዋለን። ሦስተኛውና ለእኛ ዋናው ምክንያት ትምህርት ነው። ስለ ናይትሮጅን ዑደት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀስት ስለናል፤ ስለ ሲፎን በፊዚክስ ፈተና መልሰናል። የቀለም ጠብታ በመፈተኛ ቱቦ ውስጥ ሲቀየር እያየ፣ አሞንያው ወጣ፣ ወረደ፣ ናይትራይቱ ተከተለ፣ እርሱም ወረደ ብሎ በደብተር የመዘገበ ተማሪ ግን ይህን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

ስለዚህ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ትዕግሥት ነው። ገንዳው በተሞላ ማግስት ዓሣ አምጡ የሚል ድምፅ እንደሚነሣ እናውቃለን። ባክቴሪያዎቹ ግን በድንጋዩ ላይ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። በዚያ ጊዜ ዓሣ በሌለበት ውሀ ትንሽ ትንሽ መኖ እየተጣለ፣ አሞንያውና ናይትራይቱ እየተለካ ይጠበቃል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬቱ ብቻ ሲታይ ቤቱ ተሠራ ማለት ነው። ያን ጊዜም አሥር የማይሞሉ የቆሮሶ ጫጩቶች፣ እነርሱም በሁለት ጊዜ፣ ይግቡ። ቆሮሶ ትልቅ የሚሆን ዓሣ ስለሆነ ሲያድጉ ገንዳው ይጠብባቸዋል፤ ወዴት እንደሚሄዱ ከመምጣታቸው በፊት ከዓሣ አርቢዎች ጋር መነጋገር ይገባል። ወደ ወንዝ መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይታሰብም።

ሁለተኛው ልመናችን የተራ መዝገብ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። መስተዋት መቁረጥ የሚወድ ተማሪ አይጠፋም፤ በመክፈቻው ቀን ቆሞ የሚያስረዳም ሞልቷል። የፈተና ሳምንት ስፖንጅ የሚያጥብ፣ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋና ሁሉም ወደ አገሩ ሲሄድ በየሁለት ቀኑ ውሀ የሚጨምር ግን ማን ነው? እኛ ስማችንን ጽፈናል። ስድስት ነን፤ አሥራ ሁለት ያስፈልጋሉ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ ከተማው ውስጥ የሚቆዩ አራት ሰዎች ካልተገኙ ግን ዓሦቹ ከክረምት በኋላ ይምጡ እንጂ አሁን አይምጡ ብለን እኛው ራሳችን እንቃወማለን። በሐይቅ የሚኖር ዓሣ ውሀው ሲከፋበት ወደ ሌላ ወገን ይሸሻል። በመስተዋት ውስጥ ያኖርነው ግን የሚሸሽበት የለውም፤ ሐይቁ እኛ ነን።

ክቡራን መምህራን፤ ከእናንተ የምንጠይቀው ለብየዳው የወርክሾፑን ፈቃድና ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ልኬታችንን የሚመረምርልን አንድ መምህር ነው። ሥዕሉ ከነቁጥሩ በቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል። ስሕተት ያገኘ ሰው በእርሳስ ያርምበት፤ በእርሳስ የሚታረመው አሁን ነው። የተራው መዝገብም ከሥዕሉ አጠገብ በገመድ ታስሮ ተሰቅሏል።